ጽቡቕ በሰዓት ስንት ነው?

አስተማሪ የሚባል ፍጥረት ሁሉ ሌባ ነው! አትቆጡኝ… ይህን የምለው እኔ ራሴ ዐሥራ አንድ ዓመት ጠመኔ ይዤ ስለቆምኩ ነው፤ የምሰድበው የገዛ ቤቴን ነው። ነጋዴ ቢሰርቃችሁ ሚዛኑን ታዩታላችሁ። የታክሲ ረዳት ቢሰርቃችሁ መልሳችሁን ትቆጥራላችሁ። አስተማሪ ሲሰርቃችሁ ግን ፈገግ ብሎ፣ ትከሻችሁን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ «ጎበዝ!» እያለ ነው። እናንተም አመስግናችሁ፣ እጅ ነስታችሁ ትወጣላችሁ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ በሰዓት የሚያስከፍለው ነው። እሱ ዘንድ ሰላምታውም ይቆጠራል፣ ሳሉም ይቆጠራል፣ ስልኩ ሲጮህ «ይቅርታ አንዴ» ብሎ በረንዳ ላይ የሚጠፋበትም ጊዜ ይቆጠራል።

ለማታውቁኝ፣ ደሴ ተወልጄ መቀሌ የከተምኩ ሰው ነኝ። ሙያዬ አብራሪነት ነው። ያን መጋረጃ ያለውን፣ ምግብ በሰሃን የሚዞርበትን ትልቁን አውሮፕላን እንዳታስቡ። የእኔ ባለ አንድ ሞተር ናት፤ አምስት ሰው ሲጫንባት የምታቃስት፣ ስድስተኛው ሲመጣ እኔም አብሬያት የማቃስት። የዚህ ዓይነት ሥራ አንድ ዓመት አለ፣ ሦስት ዓመት የለም። ሲኖር በረርኩ፤ ሲጠፋ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተማርኩ። ከዚያ ሰማዩ ጭራሹን የተዘጋባቸው ዓመታት መጡ። እነሱን እዚህ አላነሳቸውም፤ የምታውቁ ታውቋቸዋላችሁ። ሰማዩ ሲከፈት የበረራ ፈቃዴን ከሻንጣ አወጣሁት፤ ጊዜው አልፎበታል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰው እኔን አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ያለው ሀብት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን የሆነ ድርጅት ነው፤ መድኃኒትና መሐንዲስ ያመላልሳል። ሥራ አስኪያጁ ነገሩን አላስረዘመም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ፈቃድህን ካደስክ የአብራሪው ወንበር ያንተ ነው፣ ካላደስክ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው አንድ ወጣት በር ላይ ቆሟል አለኝ። እኔ ኀምሳ አራት ዓመቴ ነው። በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለ ስልክ ሁለት ጊዜ አይደወልም። ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ቡናዬን ጨው ጨምሬበት ጠጣሁት… ወሎዬ ስለሆንኩ ማንም አልገረመውም።

ፈቃድ ማደስ ግን ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ እንደማደስ አይደለም። መጀመሪያ ፈቃድ ካለው አስተማሪ ጋር የማደሻ ሥልጠና ትወስዳላችሁ፤ አስተማሪው «በቅቷል» ብሎ የበረራ መዝገባችሁ ላይ ይፈርማል። ከዚያ ፈታኝ መጥታ አየር ላይ ትፈትናችኋለች። አስተማሪ ስፈልግ ሰው ሁሉ የጠቆመኝ አንድ ካፒቴን ነበር። ዓዲ ሓቂ የሚባለው ሰፈር፣ ተማሪ ከሚርመሰመስበት ካፌ በላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ ሲሙሌተር ተክሏል ተባልኩ። ሲሙሌተር ማለት መሬት ላይ ተቀምጣችሁ የምትበሩበት መሣሪያ ነው። የዚህኛው ወንበር ከሚኒባስ የተነቀለ ነው፤ ከጀርባው «ተሳፋሪ ሒሳብ ሳይጠየቁ ይክፈሉ» የሚል ጽሑፍ እንኳ አልተፋቀም። ያን ጊዜ ነበር ነገሩ ሊገባኝ የሚገባው!

በሩን ሳንኳኳ የከፈተው ረጅም ጎልማሳ አየኝና ደርቆ ቀረ። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ለዚህ ሁሉ መዘዝ መነሻ ነው፤ እጁን ወደ ጎኑ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ክፍል ውስጥ አስተማሪ ሲገባ እንደሚቆመው።

«መምህር ይማም?» አለ።

ሃፍቶም ነው። ዘጠነኛ ክፍል፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ። ሒሳብ አስተምሬዋለሁ። ዛሬ ካፒቴን ሃፍቶም ተብሎ እኔን ሊያስተምር ነው።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? አቅፎ ይስመዋል፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ ይለዋል፣ ሌላ አስተማሪ ይፈልጋል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ስለ ዋጋ መነጋገር ጀመርኩ። እሱ ከመምህሬ ገንዘብ አልቀበልም አለ። እኔ እንግዲያው አልማርም አልኩ። እሺ ግማሹን አለ። ለማኝ መሰልኩህ ወይ ብዬ ተቆጣሁ። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ሌላውን የሚያስከፍለው በሰዓት ሦስት ሺህ ብር መሆኑን ተናገረ። «አራት ሺህ!» አልኩት። ጨረታ የገባሁ መስሎኝ እንደሆነ እንጃ! ምድር ላይ ገዢው ዋጋ የሚጨምርበት ገበያ ቢኖር እኛ ዘንድ ብቻ ነው፤ ያውም ኪሳችን ባዶ ሲሆን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኸው ነው። ሃፍቶም እምቢ እያለ፣ እየማለ፣ እየተገዘተ፣ ገንዘቡን ተቀበለ። ምን ያድርግ፣ ልጁ ጨዋ ነው።

ሥልጠናው ተጀመረ። የመጀመሪያው ሰዓት ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሰላምታ ነበር። መቀሌ የኖረ ያውቀዋል፤ እንዴት አደሩ ብቻ አይበቃም፣ ቤተሰቡ፣ ጤናው፣ ሥራው፣ የጎረቤቱ ጤና፣ የጎረቤቱ ሥራ። በአራት ሺህ ብር ሒሳብ ያን ቀን የጎረቤቴን ደኅንነት በአንድ ሺህ ብር አስረዳሁት። ከዚያ ከታች ካፌ ሻይ መጣ። ሻዩን እኔ ከፈልኩ፤ ታላቅ እያለ ታናሽ አይከፍልማ! እናም ልብ በሉልኝ፣ ሰውየው የእኔን ሻይ ሲጠጣ የጠጣበትን ጊዜም እየከፈልኩት ነው።

ከዚያ በረርን። ማለቴ ሚኒባሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ተነሳሁ፣ ዞርኩ፣ ለማረፍ መጣሁ… መንደርደሪያውን አልፌ የሰው ማሽላ ውስጥ ገባሁ። ሃፍቶም ጎሮሮውን ጠረገ።

«ጽቡቕ እዩ፣ መምህር» አለ። ጥሩ ነው ማለቱ ነው። «ይሄ መሣሪያ አንዳንዴ ያስቸግራል።»

እጁን ሰደደና ከጎኔ ካለው የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ አንዷን ተጫነ። አውሮፕላኗ ከማሽላው ወጥታ፣ አቧራዋን አራግፋ፣ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ንጹሕ ሆና ቆመች። እንዴት ያለች ቁልፍ ናት! ደግሜ በረርኩ፤ የመንገደኞች ማረፊያ አዳራሽ ውስጥ ገባሁ። «ጽቡቕ!» ቁልፏን ተጫነ። ሦስተኛውን ሙከራዬን አልነግራችሁም፤ የዓሣ ዘመዶች ካላችሁ ታዝናላችሁ። «ብጣዕሚ ጽቡቕ!» እጅግ ጥሩ ማለት ነው። ቁልፏ።

ይኸውላችሁ፣ እኔም አመንኩ! ሰው ደግ ነገር ሲባል ለማመን ምስክር አይጠራም። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፣ የስክሪኑ ነው፣ የመብራት መቆራረጡ ነው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ቁልፏን የምጫናት እኔው ራሴ ሆንኩ። በየቀኑ አራት ሺዬን እየቆጠርኩ፣ ጽቡቕ እየተባልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ ደረጃውን እወርዳለሁ። ካፌው ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ቀና ብለው ሲያዩኝ አብራሪ መሆኔን ያወቁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ተራው የእሱ ሆነ። ለነዳጅ ስሌት ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነው፤ ከመቀሌ ሽሬ ደርሶ መልስ ስንት ሊትር ያስፈልጋል የሚል። መሀል ላይ ሰባት ጊዜ ስምንት መጣ። ኀምሳ አራት ብሎ ጻፈ። እኔ የሒሳብ አስተማሪው አየሁት። ዓይኔ ወደ ቁጥሩ ሄደ፣ አፌ ሊከፈት ቃጣው… ተውኩት። ካፒቴን ነው፤ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሰሌዳው፣ እንዴት ብዬ ላሳፍረው? «ጎበዝ» አልኩት። እሱ እኔን ማሽላ ውስጥ ጽቡቕ ይለኛል፤ እኔ እሱን ሁለት ሊትር ነዳጅ አየር ላይ ሲያጎድል ጎበዝ እለዋለሁ። መተዛዘናችን እንባ ያስመጣል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት በእውነተኛዋ አውሮፕላን ነበሩ፤ ድርጅቱ ለዚሁ መቀሌ አሳደራት። እኔ በግራ፣ ሃፍቶም በቀኝ፤ በሁለቱም በኩል መሪ አለ። እንግዲህ ያን ቀን ያረፍኩትን ማረፍ ብታዩ… እንቁላል ብትይዙ አይሰበርም ነበር። ሁለቴ ተነሳሁ፣ ሁለቴ እንደ ጥጥ አረፍኩ። ሃፍቶም መዝገቤ ላይ ፈረመ። በዚያ ላይ በገዛ እጁ ያዘጋጀው፣ በወርቃማ ቀለም የታተመ፣ «የላቀ ብቃት» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። ማንም አልጠየቀውም፣ ለምንም አያገለግልም። እኔ ግን መስታወት አስገብቼለት ሳሎን ሰቀልኩት።

ባለቤቴ ዘሃራ ወረቀቱን ቆማ አየችው። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ሃያ ዓመት ከገዢ ጋር ስትጨቃጨቅ የኖረች ሴት ናት። ሥልጠናውን የከፈልነው ለሱቋ ጨርቅ ልታመጣበት ካስቀመጠችው ብር ላይ ነው። ምን ስህተት አገኘብህ ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። አንድም? አንድም! ስንት ከፈልክ? ነገርኳት።

«ስለዚህ እንታይ ገዚእካ?» አለችኝ። ምን ገዛህ ማለቷ ነው። «እኔ ሱቅ የሚገባ ሰው፣ ሲያምር ሲያምር እያለ የሚያገላብጥ አይገዛም፤ ጊዜዬን ነው የሚበላው። የሚገዛው ወደ ብርሃን አውጥቶ፣ ክሩን ስቦ፣ ይሄ ቀለሙ ይለቃል የሚለኝ ነው። አንተ ለስህተትህ ከፍለህ ስህተትህን ሳትቀበል መጣህ።»

ቀንታ ነው አልኩ በልቤ። ባል ሲያድግ ሚስት… ተዉት፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ጨርሼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከሆስፒታል ነበር።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኟ ካፒቴን ትርሲት ከአዲስ አበባ መጣች፤ አጭር፣ ቀጭን፣ የማትስቅ ሴት። ሰላምታዋ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ከጎኔ ተቀመጠች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠቻቸው። እነዚያን የተጣጠፉ እጆች እስክሞት አልረሳቸውም።

ተነሳን። ከተማዋ ከታች ተዘረጋች። ከፍ ብለን እንደዞርን፣ እሷ ምንም ሳትል እጇን ሰድዳ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ሳበችው። ድምፁ ሞተ፤ ንፋሱ ብቻ ቀረ። «ሞተርዎ ጠፍቷል። ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ።

አብራሪ ባትሆኑም መልሱን ገምቱት። አፍንጫዋን ዝቅ ታደርጋላችሁ፣ ፍጥነት ትጠብቃላችሁ፣ የምታርፉበት ሜዳ ትመርጣላችሁ። እኔ ምን አደረግኩ? ቀኝ እጄ ብድግ ብሎ ወደ ጎን ሄደ። ዳበሰ። እንደገና ዳበሰ። በመጨረሻ የያዘው የፈታኟን እርሳስ ነበር።

«ምን እየፈለጉ ነው?» አለች።

ቁልፏን ነዋ! ከማሽላ የምታወጣዋን፣ አቧራ የምታራግፈዋን ቁልፍ! ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ፣ በሰዓት አራት ሺህ ብር ከፍዬ፣ የተማርኩት ብቸኛ ነገር እሷን መጫን ነበር፤ አውሮፕላኗ ላይ ደግሞ የለችም። «ምንም» አልኩ። እሷ መሪውን ተቀበለችኝና አስተካከለችው። ለማረፍ ስንመጣ መልሳ ሰጠችኝ፤ እጆቿ ተመልሰው ጭኗ ላይ ተጣጠፉ። እኔም እንደ ጥጥ ላርፍ ተዘጋጀሁ። መሬቱን በኃይል ነካነው፣ ነጠርን፣ ነካነው፣ ነጠርን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነካነው። ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር በራልኝ። ያን ቀን እንደ ጥጥ ያረፍኩት እኔ አልነበርኩም! ሃፍቶም በቀኝ በኩል ባለው መሪ፣ በሁለት ጣቱ፣ ቀስ አድርጎ፣ ሳላየው አሳርፎኝ ኖሯል። አሳርፎኝም «ብጣዕሚ ጽቡቕ፣ መምህር» ብሎኛል። በገዛ ገንዘቤ ተሳፋሪ ሆኜ ነበር።

ወደቅኩ። ካፒቴን ትርሲት ከዐሥር ቀን በኋላ በሌላ ሥራ እንደምትመለስ፣ ያኔ አንዴ ልትፈትነኝ እንደምትችል ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ወሩ ያልቃል፤ ወንበሩም የወጣቱ ይሆናል።

ቤት ስገባ ዘሃራ ፊቴን አይታ አልጠየቀችኝም። ያ ነው የባሰው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አውርጄ አልጋ ሥር ከተትኩት። በጣም አፍሬ ነበር፤ ቀልድ አይደለም። በዚያ ሌሊት ያሰብኩት ስለ ወጣቱ ነው፤ በወንበሬ ተቀምጦ በጣራዬ ላይ ሲያልፍ።

በማግስቱ ጠዋት የሃፍቶምን ደረጃ ወጣሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ይሉኝታችን ሁለታችንንም ሊገድለን ነው አልኩት። አንተ መምህርህን ማረም አትችልም፤ እኔ ተማሪዬ ፊት መሳሳት አልችልም፤ መሬቱ ግን ይሉኝታ አያውቅም፣ ትናንት ሦስቴ መታኝ። ከዛሬ ጀምሮ በሰዓት አልከፍልህም። ስህተቴን ፈልገህ በነገርከኝ ቁጥር፣ ለአንዱ ስህተት ሁለት መቶ ብር። «ጽቡቕ» ባልክ ቁጥር ደግሞ አንተ ለእኔ አምስት መቶ ብር ትቀጣለህ። ጻፈውና ፈርም።

ፊቱ ተለዋወጠ። እምቢ ሊል ነበር፤ ወንበሩ ሊወሰድብኝ መሆኑን ስነግረው ፈረመ። የመጀመሪያው ቀን እጅግ ከበደው። አንድ ሺህ ብር ያጣው ገና ሰላምታ ላይ ነው፤ ደኅና መሆኔን ስነግረው ሁለቴ ጽቡቕ አለ። ከዚያ በረርኩ፣ ማሽላው ውስጥ ገባሁ። ላብ በግንባሩ ወረደ።

«ይቕሬታ፣ መምህር» አለ በመጨረሻ። «ፍጥነትዎ… ትንሽ… በዝቷል።»

ሁለት መቶ። በዚያ ሰዓት ሦስት ስህተት አገኘ፤ እያንዳንዷን ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ሆኖ ነበር የሚያወጣት። በሁለተኛው ቀን ዐሥራ ሰባት። በሦስተኛው ቀን ጣመው! ዓይኔ ውጭውን ትቶ መሣሪያ ላይ ብቻ ተተክሏል። መሪውን እንደ ጠመኔ አንቄ ይዣለሁ። ከመነሳት በፊት የሚነበበውን ዝርዝር «አውቀዋለሁ» ብዬ አላነበብኩም። ራዲዮ ላይ አጭር መልእክት በማስተላለፍ ፈንታ ንግግር አደርጋለሁ፤ ያም ሳያንስ ማማ ላይ ያለውን ተቆጣጣሪ በመጨረሻ «ገባችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን የመጨረሻውን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ቂም ያለ መሰለኝ። ቁልፏን ደግሞ በፕላስተር ሸፈናት፤ ማሽላ ውስጥ የገባ እዚያው ይቆይ ተባለ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ማሽላ ውስጥ ተቀምጬ ለምን እንደገባሁ አስረዳሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አመመኝ። ስህተታችሁን ሲነግሯችሁ ደስ ይበላችሁ የሚሉ ሰዎች ስህተታቸው ተነግሯቸው አያውቅም። ማሽላ እያረረ ይስቃል እንደሚባለው ጥርሴን ገልጬ እየተቀመጥኩ፣ በሆዴ እረግመው ነበር። ግን ዘሃራ ማታ ማታ የስህተቱን ዝርዝር ወደ ብርሃን አውጥታ ታነበዋለች፣ ትናንት የነበረው ዛሬ ሳይኖር ስታይ በጣቷ ትሰርዘዋለች።

በመጨረሻው ቀን እንደገና ነዳጅ አሰላ። ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ኀምሳ አራት። ይህን ጊዜ ግን አፌን የያዘኝ ነገር አልነበረም።

«ሃፍቶም፣ ኀምሳ ስድስት ነው» አልኩት።

ሰሌዳውን አየ። እኔን አየ። ጆሮው ቀላ። ሰሌዳውን ጠርጎ፣ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ሰውን የማረም ነገር እንደዚህ ነው፤ ከፋዩ እኔ ስሆን ይቀላል፣ ሲዞር ይከብዳል። እስከ ፈተናው ቀን ስልክ አልደወለም።

ካፒቴን ትርሲት ተመለሰች። እጆቿን አጣጠፈች። ሞተሩን ሳበችብኝ። እጄ ወደ ጎን አልሄደም። አፍንጫዋን ዝቅ አደረግኩ፣ ፍጥነቴን ያዝኩ፣ የታጨደ ሜዳ መረጥኩ፣ ማማውን በአጭር ቃል ነገርኩት፤ ገባችሁ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። በቂ ነው አለችኝና ሞተሩን መለሰችልኝ። ለማረፍ መጣሁ። አንዴ ነጠርኩ። አንዴ ብቻ! ያቺ አንዲት ንጥረት የእኔ ናት፤ ማንም በሁለት ጣቱ አልሰጠኝም። ፈታኟ አራት ስህተት ጽፋ፣ ከሥሩ «አልፈዋል» ብላ ፈርማ ሰጠችኝ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀብዬ አምስተኛ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ እሱን በሚቀጥለው ዓመት አለችኝ።

ዘሃራ አራቱን አነበበቻቸው። ያን የፈታኟን ወረቀት ወስዳ የምስክር ወረቀቱ በነበረበት ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

በሦስተኛው ቀን ሒሳቤን ልዘጋ ዓዲ ሓቂ ሄድኩ። ሃፍቶም ቀጥ ብሎ ተቀበለኝ፤ ሰላምታው አጭር ነበር። የስህተቴን ዝርዝር ሰጠኝ፤ ሰማንያ ስምንት። ቆጠርኩና ከፈልኩ፤ ከሰዓቱ ዋጋ በግማሽ አነሰ። ከዝርዝሩ ግርጌ ግን በሌላ ቀለም የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ ሰማንያ ዘጠነኛ። ዋጋው አልተጻፈም።

«ይሄስ?» አልኩት።

ከመሳቢያው አንድ አሮጌ ደብተር አወጣ። እናቱ እስከዛሬ አስቀምጠውለት ኖረዋል። ዘጠነኛ ክፍል፣ ሒሳብ። ያን ቀን ከዚህ ወጥቶ የሄደው እሱን ፍለጋ ነበር። ገለጠና አስቀመጠልኝ። አራተኛው ጥያቄ መሀል ላይ፣ በልጅ እጅ ጽሑፍ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት እኩል ይሆናል ኀምሳ አራት። ከጎኑ በቀይ እስክርቢቶ ትልቅ የራይት ምልክት፤ ከምልክቱ ጎን «ጎበዝ!» የሚል ጽሑፍ፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ። ዐሥር ከዐሥር።

ስልሳ ደብተር ተሸክሜ ቤት የገባሁበት ምሽት መሆን አለበት። ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ይህ ሰው ያን ሁሉ ዓመት ሰማይ ላይ የዞረው በእኔ ኀምሳ አራት ነው… አላህ ነው ያተረፈው።

ሃፍቶም ቀይ እስክርቢቶ አቀበለኝ። «ያርሙልኝ፣ መምህር» አለ።

ቁጭ ብዬ አረምኩ። ሁሉንም ጥያቄ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳልዘል። «ጎበዝ» የሚለውን ሰረዝኩት፣ ኀምሳ ስድስት ብዬ ጻፍኩ፣ ዐሥሩን አጥፍቼ ስድስት ከዐሥር ሰጠሁት። ደብተሩን ተቀብሎ ውጤቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ጽቡቕ» አለ።

እጁንም ኪሱ ከትቶ አምስት መቶ ብር ቆጥሮ ሰጠኝ።